ሚጥሚጣው ጎረቤቱን አያቃጥልም

እዚህ ገጽ ላይ ተደጋግሞ የተጻፈው «ሚጥሚጣ አጠገብ የተተከለ የፈረንጅ ቃሪያ ማቃጠሉ አይቀርም» የሚል ነው። ሱሉልታ ያሉት እኅታችንም ይህን አምነው ደህናውን ሚጥሚጣ ሊነቅሉ ነው። እባክዎ ይቆዩ! ንብ የአንዱን አበባ ብናኝ ወደ ሌላው ብታደርስም፣ የዘንድሮው ፍሬ ሥጋ ፍሬውን ያፈራው የእናት ተክሉ ነው፤ የሚዳቀለው በውስጡ ያለው ዘር ነው። ያንን ዘር ለከርሞ ከዘሩት ግን የሚያቃጥል ሊበቅል ይችላል። ለማረጋገጥ ከፈረንጅ ቃሪያው አንድ እምቡጥ ሳይፈነዳ በስስ ሻሽ ይሸፍኑ፤ ፍሬ ሲይዝ ሻሹን ፈትተው ለምልክት ክር ይሰሩበት። ሲደርስ ከዚያው ተክል ካልተሸፈነው ፍሬ ጋር ያነጻጽሩት። ሁለቱም ካቃጠሉ የሚጠየቀው ችግኙን የሸጠልዎ ሰው ነው፤ እኔም አንድ ጊዜ እንዲሁ ተሸውጃለሁ።