ማስተካከያ፦ ራና ፕላዛ ኦዲተር ገብቶ ነበር
ባለፈው ጽሑፌ፣ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ባንግላዲሽ ውስጥ የተደረመሰውን ራና ፕላዛን «አንድም ኦዲተር (የፋብሪካ ፈታሽ) ረግጦት አያውቅም» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። በሕንፃው ከነበሩት የልብስ ፋብሪካዎች አንዳንዶቹ ከአደጋው በፊት ኦዲት ተደርገዋል። ኦዲተሮቹ ያዩት ግን የሥራ ሁኔታውን እንጂ የሕንፃውን ጥንካሬ አልነበረም። ከ1,100 በላይ ሰው አለቀ። እውነቱ እንዲያውም እኔ ከጻፍኩት ይከፋል፤ ወረቀቱ ተሞልቶ ነበር ማለት ነዋ!

ሌላም አለ። ከአደጋው በኋላ የመጣውን «አኮርድ» የሚባለውን የፋብሪካ ደኅንነት ስምምነት የመንግሥት ሕግ አስመስዬዋለሁ። አይደለም። የልብስ ብራንዶችና የሠራተኛ ማኅበራት የፈረሙት አስገዳጅ ውል ነው። በውሉ መሠረት ፋብሪካዎቹን መሐንዲሶች ይፈትሹ ነበር፤ ውጤቱም ለሕዝብ ይፋ ይደረግ ነበር። ከ2020 ወዲህ የባንግላዲሹን ፍተሻ የተረከበው አርኤስሲ የሚባል የአገር ውስጥ ተቋም ነው።