በሰሜን ሸዋ ጨፌዎች የወፍ ጥናት በክረምት ይደረግ

ከሸኖ እስከ ደብረ ብርሃን፣ በሌላ በኩልም በሱሉልታ፣ በክረምት ውሃ የሚተኛባቸው የሳር ሜዳዎች በበጋ ሲታዩ ባዶ የግጦሽ መሬት ይመስላሉ። ፋብሪካ ወይም መኖሪያ ሰፈር ሲታቀድ ዓይን ቶሎ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ታዲያ አንድ ባለሙያ በታኅሣሥ ግማሽ ቀን ዞሮ «ለመጥፋት የተቃረበ ዝርያ አልተገኘም» ብሎ ቢፈርም ሰነዱ ይታመናል? እኔ አላምነውም።

ምክንያቴ ፍላፍቴይል በሚል ስም የምትታወቀው ባለ ነጭ ክንፍ የረግረግ ወፍ ናት። ርዝመቷ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ እጅግ የከፋ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው የዓለም ዝርያዎች ተርታ ተመዝግባለች። እንደምትራባ በማስረጃ የተረጋገጠው በኢትዮጵያና በደቡብ አፍሪካ ብቻ ሲሆን፣ በአገራችን ይበልጥ የታወቀው መራቢያዋ በምዕራብ ሸዋ፣ በአዲስ ዓለም አቅራቢያ ያለው የበርጋ ጨፌ ነው። ጥልቅ ውሃ አትወድም፤ ዝናቡ መሬቱን ሲያርሰው ሳርና ቄጠማ ጥቅጥቅ ብሎ የሚበቅልበትን ደጋ ትመርጣለች። ወቅቷ ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። በበጋ ፈልጎ ማጣት እንግዲህ ምንም አያስረዳም።

በክረምትም ቢሆን በቀላሉ አትታይም። በዚሁ ደጋ የምትኖረው የሩዤ ራይል የተባለችው ሌላ ወፍ በሜዳ ላይ ጭራዋን እያወዛወዘች ስትሄድ ማንም ያያታል፤ ፍላፍቴይል ግን ከሳሩ ሥር ትሽሎከሎካለች፣ ካልረገጧት በቀር አትነሣም። አጥኚዎች ሳሩ ላይ ገመድ እየጎተቱ ያስነሷት ነበር። ይህ ግን ጎጆ ላይ ያለችን ወፍ ያውካል፤ ተነሥታም ጥቂት በርራ ተመልሳ ትሰወራለች። በደቡብ አፍሪካ እንደምትራባ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2018፣ ረግረጉ ውስጥ በተተከሉ ካሜራዎች ነው። ድምጿ እንኳ በውል የተለየው በቅርብ ዓመታት ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ወፏ ጨፌው ውስጥ እያለች በአንድ ጉብኝት የመታየት ዕድሏ 30 በመቶ ነው እንበል። አንድ ጊዜ ብቻ ሄዶ የተመለሰ አጥኚ 70 በመቶ ያጣታል። ሦስት ጊዜ ቢመላለስ የማጣት ዕድሉ ወደ 34 በመቶ፣ ስምንት ጊዜ ቢመላለስ ከ6 በመቶ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ስንት ጊዜ፣ በየትኛው ወር፣ በምን መሣሪያ እንደተፈለገች ያልጻፈ ጥናት ውጤቱ አይመዘንም። ይህ የሙያ ጌጥ ሳይሆን የመሬቱን ዕጣ የሚወስን ነው፤ የደረቀ ጨፌ በቀላሉ አይመለስምና።

ክረምት ጭቃና ብርድ ነው፣ መኪናም አይገባም፤ ይገባኛል። ነገር ግን ካሜራና የድምፅ መቅጃ ተተክለው ሳምንታት ይቆያሉ። ከብት የሚጠብቁ ልጆችና ለዓውደ ዓመት ቄጠማ የሚያጭዱ ሰዎችም ጨፌው ውስጥ የሚውሉት ወፏ በምትራባበት ወቅት ነው። ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ የሚታጨደው ቄጠማ መሸሸጊያዋ ሊሆን ይችላልና፣ ጥናቱ የትኛው ቦታ ቀድሞ እንደሚታጨድና የትኛው እንደሚቆይ ከእነርሱ ጋር መመዝገብ አለበት። በበርጋ የአካባቢው ሰዎች በቡድን ተደራጅተው ጥበቃው ውስጥ ገብተዋል፤ በሰሜን ሸዋም የሚከለክል ነገር የለም።

የዞኖቹና የወረዳዎቹ የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤቶች ከመጪው ክረምት ጀምሮ ቢያንስ ሁለት ተከታታይ የክረምት ጥናቶች ያልተደረጉበትን ጨፌ ለግንባታ የሚያሳልፍ ሰነድ መቀበል ያቁሙ። መሣሪያዎቹም ሐምሌ ሳይገባ ይተከሉ።