ውዳሴ ለባለ ሃያ ደቂቃው ተመልካች

ስለ ፊልም አስተያየት ለመስጠት አስቀድሞ ፊልሙን ማየት ያስፈልጋል የሚለው ኋላ ቀር ልማድ እየጠፋ በመሄዱ ደስታዬ ወሰን የለውም። በተለይም ቻይኖቹ «ሺያ ኑ» የሚሉትን፣ በውጭው ዓለም «ኤ ተች ኦፍ ዜን» በመባል የሚታወቀውን የዳይሬክተር ኪንግ ሁ የሰይፍ ፊልም በሃያ ደቂቃ መርምሮ ፍርዱን የሚሰጠው ተመልካች ልዩ ክብር ይገባዋል። ፊልሙ በታይዋን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1970 እና በ1971 በሁለት ክፍል የቀረበ፣ ሲገጣጠም ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ሊቃችን ግን ከዚህ ላይ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ቆጥቦ ለሌላ ፍርድ ያውለዋል።

ባለፈው እሑድ ቤቴ የመጣው የእህቴ ልጅ ይህን ጥበብ ሲሠራበት በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። አውራ ጣቱን ከሪሞቱ ላይ ሳያነሣ፣ በመክፈቻው የሸረሪቷ ድር ሲታይ አንዴ፣ ጭጋጉ ተራራውን ሲሸፍን ሁለቴ፣ አሥር አሥር ሰከንድ እያስፈነጠረ ተጓዘና «ጋሼ፣ አክተሩ የትኛው ነው?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ጉ የተባለው ዋናው ሰው ሠላሳ ያለፈው፣ የሰው መልክ እየሣለ የሚያድር ምስኪን ምሁር ነው፤ እናቱ ለመንግሥት ፈተና ተቀምጦ ሹመት እንዲያገኝና ሚስት እንዲያገባ ትነዘንዘዋለች እንጂ ሰይፍ ጨብጦ አያውቅም። ሰይፉን የምትመዘው ጋኔን አለበት በሚባለው ወና ምሽግ ውስጥ የገባችው ያንግ ናት፤ አባቷ በቻይናው የሚንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ቤተ መንግሥቱን አንቆ በያዘው ጃንደረባ እጅ ስለጠፋ የጃንደረባው ሰላዮች እሷንም ያድኗታል። አክተሩ የማይማታበት ፊልም ፊልም አይደለምና ልጁ የአንድ ኮከብ ፍርዱን እዚያው ጻፈ።

የመጀመሪያው ውጊያ አንድ ሰዓት ገደማ ቆይቶ መምጣቱ በየአገሩ ያሉ ሊቃውንትን ያስማማ በደል ነው። በዚያ ሰዓት ውስጥ «ምንም አይከሰትም» ይላሉ። መልኩን ለማስሣል የመጣው እንግዳ ዓይኑን ከሣዩ ይልቅ ወደ ጎረቤት መላኩ፣ የመንደሩ ዕውር ጠንቋይ ዕውር አለመሆኑ፣ ይህ ሁሉ በእነርሱ ዘንድ ምንም ነው፤ ደም ያልፈሰሰበት ነገር ከክስተት አይቆጠርምና።

የትወና ትችታቸውም ጥልቅ ነው። ጉ በሌሊት ምሽጉን በአሻንጉሊትና በመናፍስት ወሬ ሞልቶ ጠላቶቹን ካስፈጀ በኋላ፣ ሲነጋ በወጥመዶቹ መካከል እየተዘዋወረ፣ በገዛ ብልሃቱ ተደንቆ እያሽካካ ይስቃል፤ ሳቁ ግን እግሩ ሬሳዎቹ መካከል ሲደርስ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። ባለ ሃያ ደቂቃው በሪሞቱ ዘልሎ እዚህች ሳቅ ላይ ብቻ ያርፍና «ሰውዬው ትወና አይችልም» ብሎ ይሄዳል። ሬሳዎቹ አሥር ሰከንድ ዘግይተው መታየታቸው የዳይሬክተሩ ጥፋት ነው።

የቀርከሃው ጫካ ውጊያ ሲመጣ ደግሞ ሊቃችን የማይታይ ነገር የማየት ተሰጥኦውን ያሳየናል። የውጊያው አቀናባሪ ከፔኪንግ ኦፔራ የመጣው ሃን ዪንግጂዬ ተዋጊዎቹን በአብዛኛው ያስፈነጠራቸው ሰውን ወደ ላይ በሚያነጥር ሸራ፣ በትራምፖሊን ነው፤ ቀሪውን የሠራው ዝላዩን ቆራርጦ የገጣጠመው መቀስ ነው። ሊቃችን ግን «የተንጠለጠሉበት ሽቦ ያስታውቃል» ይለናል። ትዕይንቱ ዳይሬክተር አንግ ሊ እ.ኤ.አ. በ2000 ከሠራው ፊልም የተሰረቀ መሆኑንም ያጋልጣል፤ ሌባው ከባለቤቱ 30 ዓመት ገደማ ቀድሞ መስረቁ የወንጀሉን ርቀት ያሳያል እንጂ ክሱን አያፈርሰውም።

እኛ በቪዲዮ ቤት ያደግነውም ለዚህ ሊቅነት ያዋጣነው አይናቅም። ሰይፍ ይሁን ጡጫ፣ ሆንግ ኮንግ ይሁን ታይዋን፣ የጃፓኑን ስም ለቻይናው አልብሰን ሁሉንም «ካራቴ» ብለን ተገላግለናል።

እ.ኤ.አ. በ1975 በፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ለዚህ ፊልም ከፍተኛውን የቴክኒክ ሽልማት የሰጡት ዳኞች የሚያሳዝኑኝ ለዚህ ነው፤ አንድ አውራ ጣት የሚጨርሰውን ሥራ በመቀመጫቸው ሠርተውታል።

የእህቴ ልጅ ግን ፍትሐዊ ነውና ከመሄዱ በፊት መጨረሻውን እንይ አለና ሪሞቱን አንድ ጊዜ ረገጠው። የፊልሙ የቡድሃ መነኩሴ ተወግቶ ደሙ ወርቅ ሆኖ የሚወርድበት፣ ፀሐይዋም ከራሱ በስተኋላ እንደ አክሊል የምታበራበት ቦታ ላይ ደረስን። በሰምና ወርቅ አገር ተወልዶ ያደገ ልጅ ነውና ምን ይል ይሆን ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ። ቴሌቪዥኑን ቀረብ ብሎ በእጁ መታ መታ አደረገው፣ ወደ እኔም ዞረና በሐዘኔታ፦

«ጋሼ፣ የቴሌቪዥንዎ ቀለም ተበላሽቷል፤ ለባለሙያ ቢያሳዩት ይሻላል» አለኝ።