ነፋስ የበተነው ንብረት ባለቤት አለው

የወሎ ሰዎች ሆይ፣ በዚህ በልግ ከደሴ በላይ ባለው ደጋ፣ በአንዲት የገጠር ቀበሌ የደረሰውን ብዙዎቻችሁ በዓይናችሁ አይታችኋል፤ ስለ ነፋሱም ስታወሩ ሰንብታችኋል። ከነፋሱ በኋላ ስለተደረገው ግን አፉን የከፈተ የለም፤ የምገሥጻችሁ ስለዚያ ነው።

ወሩ ሚያዝያ ነበር። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሰማዩ ጠቆረ፤ ነጎድጓዱ እየተከታተለ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ፤ ወዲያውም ሩብ ሰዓት እንኳ ያልቆየ፣ ነገር ግን ሽማግሌዎቹ እንዲህ ያለ አይተን አናውቅም ያሉት ነፋስ መጣ። ባህር ዛፉን ከወገቡ ሰበረው፤ ገና ያላሸተውን የበልግ ገብስ መሬት ላይ አስተኛው፤ ባላቸው በሞቱባቸው በአንዲት እናት ቤት ክፈፍ ሥር ገብቶም ጣራውን ከነማገሩ ነቀለው። ጣራው ልጃቸው ዓረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ በላከችው ገንዘብ የተሠራ፣ 36 ቆርቆሮ የለበሰ፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ነበር። እርሳቸው የልጅ ልጃቸውን በጋቢ ጠቅልለው፣ የጓዳውን ግድግዳ ተጠግተው ነፍሳቸው ተረፈች። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ፈጣሪ ይመስገን ተብሎ ይታለፍ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ቆርቆሯቸውን ሊሰበስቡ ሲወጡ ማሳው ላይ የቀሩት 7 ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም ተጨማድደው ለምንም የማይሆኑት። ሌላው ማታውኑ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ በባትሪ ብርሃን ተለቅሞ አልቋል። የለቀሙትም ከሩቅ የመጡ ሌቦች አልነበሩም፤ ጠዋት ማታ አብረዋቸው ቡና የሚጠጡ ጎረቤቶች ናቸው። ጥቂት ቆይተው እኒያ እናት ከአንድ ጎረቤታቸው የፍየል በረት ላይ የራሳቸውን ቆርቆሮ አዩ፤ አረንጓዴው ገጽ ወደ ውስጥ ተገልብጦ፣ የቀድሞው የሚስማር ቀዳዳ በሬንጅ ተደፍኖ። ልጄ ይህ የእኔ አይደለም ወይ ብለው በትሕትና ቢጠይቁት፣ በእናቱ ዕድሜ ያሉትን ሴት «ነፋስ ያመጣልኝ ሲሳይ ነው፤ ከፈለግሽ ከነፋሱ ጋር ተካሰሺ» ብሎ መለሰላቸው።

ይህን ቃል ይቅር ልል አልቻልኩም። ይህ ሰው ባላቸው ሲሞቱ መቃብር የቆፈረ፣ አስከሬኑን ተሸክሞ ዳገቱን የወጣ የቅሬ፣ ማለትም የቀብር ዕድራችን፣ አባል ነው። ያ ሁሉ ወገንተኝነት በአንዲት ሌሊት ወዴት ገባ? ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ተሰልፎ ሬሳ የሚያነሣበት አገር፣ በሕይወት ያለች እናት ጣራ ሲበተን ለመልቀም የሚሽቀዳደም ከሆነ፣ እኔ በምን አንገቴን ቀና አድርጌ ወሎዬ ነኝ እላለሁ?

ከዚህም የባሰው የእኛ የሌሎቻችን ዝምታ ነው። አባቶቻችን የአንድ ሰው በሬ ሲሰረቅ ሌባው እስኪታወቅ አገሩን በሙሉ ለአውጫጭኝ ይሰበስቡ ነበር። እኛ ግን ከነፋሱ በኋላ በተደረገው የቅሬ ስብሰባ ስለ መዋጮና ስለ ድንኳን ተነጋግረን ተነሣን፤ ቆርቆሮውን ማን እንደወሰደ የማያውቅ ሰው በመካከላችን ሳይኖር። በ1977ቱ ድርቅ ያቺን እፍኝ ቆሎ የተካፈሉ ሰዎች ልጆች መሆናችንን ሳስበው ልቤ ያዝናል።

ነፋሱ በእርሳቸው ላይ የወረደ ቁጣ ነው እያላችሁ ራሳችሁን የምታጽናኑም አላችሁ። ዝናቡና በረዶው ከነጎድጓድ ደመና ሲወርዱ በመትነንና በመቅለጥ በዙሪያቸው ያለውን አየር ያቀዘቅዙታል፤ የቀዘቀዘው አየር ስለሚከብድ ቁልቁል ይወርድና መሬት ሲመታ በየአቅጣጫው ይበተናል፤ ፍጥነቱም በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። የእርሳቸው ጣራ የተነሣው ቤቱ ለነፋስ በተጋለጠ ጉብታ ላይ ስለተሠራና ወራጁ ከግድግዳው እንጨት ጋር በሚስማር ብቻ ስለተያያዘ ነው። በሚቀጥለው በልግ እንዲያ ያለ ነፋስ ቢመጣ የማናችንም ቤት ሊሆን ይችላልና፣ ቁጣ የሚለውን ሰበብ ተዉት።

አሁን እኒያ እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር በሸራ ሥር ናቸው፤ ክረምቱም ደርሷል። ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ የወሰዳችሁትን መልሱ። በቀን የምታፍሩ በሌሊት አምጥታችሁ በመስጊዱ ወይም በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አኑሩት፤ ሸጣችሁት ከሆነ ዋጋውን በሽማግሌ እጅ ላኩ። ያው ነፋስ የጣለው ባህር ዛፍ በየጓሯችሁ ወድቋል፤ ከዚያ ወራጅና ማገር የሚሆነውን ጥረቡ፤ ጉልበት ያላችሁ ለደቦ ውጡ፤ በዚህ ጊዜም ወራጁን ከግድግዳው ጋር በወፍራም ሽቦ አጥብቃችሁ እሰሩት።

ሁላችሁም ትሰሙኛላችሁ ብዬ አልጠብቅም፤ ያን ያህል ተስፋ የለኝም። ነገር ግን ለእናታችን ጓዳ ብቻ 12 ቆርቆሮ ይበቃል። ያ ከሰኔ ማለቂያ በፊት ከተገኘ፣ ሐምሌንና ነሐሴን እዚያው ውስጥ ሆነው ያልፉታል፤ የቀረውን ከመስቀል በኋላ እንነጋገርበታለን።