ሜትር ተኩል

ሰሞኑን አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ ፋሽን መጥቷል፤ አበባ። አበባው ባልከፋ፤ የከፋው የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ወገብ የሚደርሱ፣ ከሲሚንቶ የተሠሩ፣ ሁለት ጎረምሳ ተጋግዞ የማያነቃንቃቸው የአበባ ማስቀመጫዎች በየሕንፃው መኪና ማቆሚያ ተደርድረዋል። የት ቢሉ፣ የዊልቸር ምልክት ከተሳለበት ቦታ ጎን፣ በነጭ ሰያፍ መስመር በተሰረዘችው ባዶ ቦታ ላይ። አስተዳዳሪውን ብትጠይቁት «ሞተር እንዳያቆሙባት ብለን ነው» ይላችኋል። አይዋሽም። ከአበባው በፊት የሞተረኞች ነበረች። ከሞተረኞቹ በፊት የጥበቃው ወንበር ነበረባት። ከወንበሩ በፊት ሕንፃው ሲያልቅ የተረፈ የሴራሚክ ካርቶን። ለታሰበችለት ሰው ብቻ አንድም ቀን ተለቃ አታውቅም።

ባዶ ቦታ ሲያዩ ሆዳቸው የሚባባ ሰዎች ነን። ከደረጃ ሥር የሞባይል ሽፋን ይሸጣል፤ ሊፍት በር ላይ ጁስ ይጨመቃል፤ ለመኪና ተብሎ ፈቃድ የወጣበት ምድር ቤት የጨርቅ መጋዘን ይሆናል። እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያላት፣ ቀለም ተቀብታ «ምንም አይቁምብኝ» የምትል ቦታ ስትገኝ ባለሕንፃው እንቅልፍ አይወስደውም። ሥራ የፈታች ይመስለዋል።

ሥራዋን ልንገራችሁ። ዊልቸር የሚጠቀም ሰው ራሱ እየነዳ መጣ እንበል፤ ነዳጁንም ፍሬኑንም በእጅ የሚያዝዝበት መሣሪያ የተገጠመለት መኪና ነው። ሞተሩን ካጠፋ በኋላ በሩን እስከ መጨረሻው ይከፍታል፤ ገርበብ ማድረግ አይበቃም። ከኋላ ወንበር ሁለቱን የዊልቸር ጎማዎች አንሥቶ ውጭ መኪናው ላይ ያስደግፋል። የዊልቸሩን አካል ከጋቢና በደረቱ ላይ አሳልፎ በበሩ ያወጣና ጎማዎቹን፣ መሃላቸው ያለችውን ቁልፍ እየተጫነ፣ አንድ በአንድ ይሰካል። ቀጭ ካላለ አልገባም፤ ያልገባ ጎማ ደግሞ ሰውየው ሙሉ ክብደቱን ሲጥልበት ነው የሚወልቀው። ከዚያ ትራሱን ያነጥፋል፣ የዊልቸሩን ፍሬን ይይዛል፣ በክንዱ ተደግፎ ከመኪናው ወንበር ወደ ዊልቸሩ ይሻገራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በተሰረዘችው ቦታ ላይ ነው። መሬቱም ሜዳ መሆን አለበት። በአሜሪካ ደረጃ ለ48 ሳንቲሜትር ርዝመት ከ1 ሳንቲሜትር በላይ ዝቅታ አይፈቀድም፤ ከዚያ ካለፈ ሰውየው አንድ እግሩን ሳያወጣ ዊልቸሩ ብቻውን ቁልቁል ይሄዳል። እኛ ጋ ምልክቱ የተሳለው የምድር ቤቱ መውረጃ ላይ የሆነበት ሕንፃ አለ።

ስሌቱም ከባድ አይደለም። ተራ ማቆሚያ 2 ሜትር ተኩል ያህል ስፋት አለው። አንድ ቪትዝ 1 ሜትር ከ70 ሳንቲም ያህል ይይዛል። የቀረው 80 ሳንቲም ነው፤ መሃል ላይ ከቆመ በየጎኑ 40። ዊልቸር ብቻውን ከ65 እስከ 70 ሳንቲሜትር ነው። ስለዚህ ሰማያዊው ሥዕል ያለ ሰያፉ ሰረዝ ዋጋ የለውም፤ ሥዕል ብቻ ነው። አሜሪካኖቹ ለመኪናው 2 ሜትር ከ44፣ ለሰረዙ 1 ሜትር ከ52 የሚጠይቁት ቦታ ተርፏቸው አይደለም። ቦታ ለመቆጠብም መላ አላቸው፤ ሁለት ማቆሚያ አንዱን ሰረዝ መሃል ላይ አድርጎ ይጋራል። የሚነዳው ሰው በግራ፣ የሚሳፈረው በቀኝ ስለሚወርድ፣ እንደ አስፈላጊነቱ አንዱ ፊቱን አስቀድሞ፣ ሌላው በኋላ ማርሽ ይገባል። አንድ ሜትር ተኩል ለሁለት ሰው! ቋጣሪ ባለሕንፃ ሊወደው የሚገባ ንድፍ ነበር።

መግባቱስ ይሁን። ጉዱ መውጣት ላይ ነው። ሰረዟ ባዶ ሆና ያገኛት ሰው ጉዳዩን ጨርሶ ሲመለስ አንድ መኪና ሁለት ጎማውን ሰረዟ ላይ ጥሎ ቆሞ ያገኛል። አራቱም ፍሬቻ ብልጭ ድርግም ይላል። ይህች አራት ፍሬቻ የምትባል ነገር ኃጢአት ማስተስረያ ሆናለች። መንገድ መሃል ቁም፣ ዜብራ ላይ ቁም፣ የሰው በር ዝጋ፤ አራቱን ካበራህ ምሕረት ወርዷል። ጥበቃው ያፏጫል፣ ይጣራል፣ ታርጋ ይዞ ፎቅ ይወጣል። ባለመኪናው ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት ብቅ ብሎ ሁለት ጣቱን ያሳያል፤ ሁለት ደቂቃ። ያ ሰው የቆመው ባንክ መስኮት ፊት ነው፤ ባንኩ ደግሞ «ሲስተም የለም» ብሏል። ሁለት ደቂቃው ሲስተም እስኪመጣ ነው ማለት ነው።

ሲወርድ ይቅርታ ይጠይቃል፤ እሱን አንነፍገውም። ይቅርታ ብቻም አይደለም፤ «ምነው ቢነግሩኝ ተሸክሜ አስገባዎት ነበር!» ይላል። ይኼኔ ነው የምወደው ተረት የሚመጣብኝ፦ ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ። ሙሽራዋ ልክ ናት፤ ቃል የሚሰጥ ብዙ ነው፣ ጀርባውን የሚሰጥ ግን ጥቂት። ደግሞም አንድ ቀን ነው፤ እልልታ አለ፣ ሚዜው በልቶ ጠጥቷል። እኛ ግን ተረቱን ገልብጠን የሕንፃ ደንብ አደረግነው። ባለሆቴሉን «ዊልቸር መግቢያ አላችሁ?» በሉት፤ «ችግር የለም፣ ልጆቹ አዝለው ያስገባሉ» ይላል፣ ኮርቶ። በሳምንት ሦስት ቀን ጉዳይ ያለው ሰው በሳምንት ስድስት ጊዜ ሙሽራ ሊሆን ነው፤ ሦስት ጊዜ ሲገባ፣ ሦስት ጊዜ ሲወጣ። ያውም ያለ እልልታ፣ ያውም ሳይጠየቅ በብብቱ ሥር እጅ እየገባበት።

ሸክሙ ራሱ ሙያ ይጠይቃል። ብዙ ዊልቸር ላይ የእጅ መደገፊያው ተነቃይ ነው። ሁለት ደግ ጎረምሶች ግራና ቀኝ መደገፊያውን ይዘው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ሲሉ ወደ ላይ የሚሄደው መደገፊያው ነው፤ ሰውየው እዚያው ይቀራል፣ ከቀረ። የእግር ማሳረፊያውም እንዲሁ ነው። መያዝ ያለበት የማይነቀለው ዋናው ብረት ነው፤ ከኋላ ያለው መግፊያም ቢሆን ፕላስቲኩ ሊሾልክ ስለሚችል ይፈተሻል። ተራው የብረት ዊልቸር ከ15 እስከ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ በባትሪ የሚሄደው 50 ኪሎን የሚያልፍ ብዙ አለ። ሰውየውን ደምሩበት። አሁን ደረጃው ማርብል ነው፤ ጠዋት በሳሙና ታጥቧል።

ማርብል ካልኩ አይቀር፣ ከራምፕ፣ ማለትም ደረጃን ከሚተካው ተዳፋት፣ ጋር የቆየ ቂም አለኝ። የሕንፃ አዋጁ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ሁሉ ዊልቸር ለሚጠቀሙም ሆነ መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ብሏል። በ2002 ደግሞ አገሪቱ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች። ወረቀቱ ሙሉ ነው። ታዲያ ኮንትራክተሩ ምን ያደርጋል? የመጠቀሚያ ፈቃድ ሊሰጥ የሚመጣውን መርማሪ ለማስደሰት ከደረጃው ጎን አንድ ነገር ያፈሳል። አራት ደረጃ፣ እያንዳንዱ 15 ሳንቲም፣ ድምሩ 60 ሳንቲም ነው። መለኪያው ለ1 ከፍታ 12 ርዝመት ነው፤ ስለዚህ ራምፑ 7 ሜትር ከ20 መሆን ነበረበት። ሁለት ሜትር ያደርገዋል። መደገፊያ ብረት አያደርግለትም። ያንን ቁልቁለት ደግሞ የሚያንጸባርቅ ሴራሚክ ያለብሰዋል! ዝናብ ጠብ ሲል ጤነኛውም እየተንሸራተተ የሚወርድበትን ነገር ሠርቶ ከሥሩ የዊልቸር ሥዕል ይስላል። በእርግጥ ራምፑ ሥራ አልፈታም፤ የለስላሳ ሳጥንና የውኃ እሽግ በጋሪ ይገባበታል። ለለስላሳ የተመቸ ለሰው ያልተመቸ መግቢያ ነው። ይህን ሠርቶ ገንዘብ የተቀበለ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሐምሌ ውስጥ፣ ዊልቸር ላይ ተቀምጦ በዚያው እንዲወርድ ቢፈረድበት ደስ ይለኛል። ምድር ቤት ያለው ማቆሚያማ ይቅር፤ ሊፍቱ አጠገብ ነው ይሉናል፣ ሊፍቱ ፊት አንድ ደረጃ አለ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ለሊፍቱ አይነሣም።

ሥዕሉንም ልጠቅስ ነው፤ ታሪኩ ደስ ስለሚል። ዛሬ በየዓለሙ የምናየው ምልክት በ1968 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሱዛን ኮፎድ የምትባል የዴንማርክ ዲዛይን ተማሪ የሣለችው ነው። የመጀመሪያው ሥዕል ወንበሩ ብቻ ነበር፤ ራስ አልነበረውም። ሰው እንዲመስል ብለው ክቧን ራስ ከላይ ጨመሩበትና በ1969 ዓለም አቀፍ ምልክት ሆነ። ችግሩ ራስ የጨመሩት ለሥዕሉ ብቻ መሆኑ ነው፤ ላዩ ላይ ለሚያቆመው ሾፌር የሚጨምርለት አልተገኘም።

ምልክቱ ወንበር ስለሆነ ሌላም ጣጣ አመጣ። ወንበር የሌለው ሁሉ አስመሳይ ይመስለናል። የልብ ሕመምተኛ፣ ሳንባው የደከመ፣ ጉልበቷ የታሰረ አሮጊት ከመኪና ቆመው ሲወርዱ የፓርኪንግ ልጅ «እማማ፣ ደህና ነዎት እኮ!» ይላቸዋል። የአሜሪካን ደንብ የወደድኩለት እዚህ ጋ ነው፤ ሳያርፍ 200 ጫማ፣ ማለትም 60 ሜትር ያህል፣ መራመድ የማይችል ሰው በሐኪም ምስክርነት እዚህ ቦታ ላይ ማቆም የሚያስችለውን ካርድ ያገኛል። ቋሚው ሰማያዊ ነው፣ ጊዜያዊው ቀይ፤ መስተዋት ላይ ይንጠለጠላል። ካርዱ የሰውየው ነው እንጂ የመኪናው አይደለም።

ይቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ለቨርጂኒያና ለሜሪላንድ ወገኖቻችን ደግሜ ብጽፍላቸው ደስ ይለኝ ነበር። እማማ ከአዲስ አበባ መጡ፣ ጉልበታቸው ታየ፣ ካርድ ወጣላቸው። እማማ ቤት ቁጭ ብለው ሽሮ እያማሰሉ፣ ካርዳቸው ግን ጂም ይሄዳል። ልጃቸው ከበሩ ፊት አቁሞ፣ ሮጦ ገብቶ፣ መሮጫ ማሽን ላይ ሲሮጥ ያረፍዳል። ሲያዝ «የእናቴ ነው» ይላል፤ ጥፋቱን ሲናዘዝ መከላከያ ያቀረበ መስሎት።

ወደ ሰረዙ ልመለስ፤ የተነሣሁት ለሱ ነበር። መሬት ላይ ያለ ሥዕል ብቻውን አይበቃም። ያለቦታው የቆመው መኪና ማስረጃውን ራሱ ሸፍኖት ይቆማልና ባለመኪናው «አላየሁም» ሲል ጥበቃው የሚያሳየው ነገር የለውም። ስለዚህ ምልክቱ ምሰሶ ላይም ይሰቀል፣ የታችኛው ጠርዙ ከመሬት ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ፤ የቆመ መኪና እንዳይከልለው። ምሰሶው ደግሞ ከማቆሚያው ራስጌ እንጂ ሰረዙ መሃል አይተከል። ተክለውት አይቻለሁ። ቁጥሩም አንድ ብቻ ሆኖ አይቅር፤ አሜሪካ ውስጥ እስከ 25 መኪና ለሚይዝ ቦታ አንድ፣ እስከ 50 ሁለት፣ እስከ 75 ሦስት እያለ ይሄዳል፤ ቦታውም ለመግቢያው ቅርብ የሆነው ነው፣ መኪና እጥበቱ አጠገብ ያለው ጥግ አይደለም።

«ሰው አያከብረውም» የሚለውን ግን አልቀበልም። በዚያው ግቢ ውስጥ ከበሩ ፊት «ለሥራ አስኪያጅ ብቻ» የተባለ ቦታ አለ። ሥራ አስኪያጁ ውጭ አገር ከሄዱ ወር ቢሆናቸውም ቦታው ባዶ ነው። ሞተር የለበትም፣ ካርቶን የለበትም፣ አራት ፍሬቻ አብርቶ የሚደፍረው የለም። ባዶ ቦታ መጠበቅ እናውቅበታለን።

አንዳንዱ ይህን አይቶ ለዊልቸሩም ቦታ ሰንሰለት ያስራል። ይህ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው፤ ሰንሰለቱን ለመፍታት ከመኪና መውረድ ያስፈልጋል፣ ለመውረድ ደግሞ ሰንሰለቱ መፈታት አለበት፣ ቁልፉ ያለው ምሳ የወጣው ጥበቃ ጋ ነው። የሚሠራው ትእዛዝ ነው። ጥበቃው ጉርሻ ከሚሰጠው ባለ ትልቅ መኪና ጋር በራሱ ወኔ እንዲጣላ አይጠበቅም። አስተዳደሩ አንድ ገጽ ይጻፍለት፦ ካርድ ወይም ግልጽ ችግር ያለበት ሰው ያልያዘ መኪና እንዳይገባ፣ ሰረዙ ላይ ጎማ እንዳያርፍ፣ እምቢ ያለውን ታርጋ መዝግቦ ለቢሮ እንዲያሳውቅ፣ ተረኛ ሲቀየርም ለሚተካው እንዲያስረክብ። ደብዳቤው ቁጥርና ቀን ይኑረው። ማኅተሙም ክብ ይሁን፤ አራት ማዕዘኑን ማንም አይፈራም።