እርማት፦ «10 ሜጋ ከፍዬ 1 ሜጋ ነው የደረሰኝ»

ወንድሜ፣ «የ10 ሜጋ ኢንተርኔት ከፍዬ ፊልም ሳወርድ ከ1.2 አያልፍም፣ ዘጠኙን ሰርቀውኛል» ብለሃል። ብስጭትህ ይገባኛል። ስሌቱ ላይ ግን ተሳስተሃል፤ ብዙ ሰውም እንደዚሁ ያስባል።

የሚሸጥልህ 10 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። ስታወርድ ኮምፒውተርህ የሚያሳይህ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሜጋባይት በሰከንድ ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። 10ን ለ8 ስታካፍለው 1.25 ይመጣል። 10 ጣሳ እህል ገዝቶ «10 ቁና ለምን አልሞላም?» እንደማለት ነው። ስለዚህ 700 ሜጋባይት ፊልም ከ9 ደቂቃ በላይ ይፈጅብሃል፣ ማንም ሳይሰርቅህ።

ማታ ማታ ፍጥነቱ ወደ 0.3 ሜጋባይት ሲወርድብህ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ዋይፋዩን ትተህ በገመድ ሞክረው። ያው ከሆነ ክርክር አለህ። ችግሩ በምን ትከራከራለህ? «እስከ 10 ሜጋ» የሚለው «እስከ» ኩባንያውን ከሁሉም ያስመልጠዋል።

ፖሊሲው መስተካከል ያለበት እዚህ ላይ ይመስለኛል። አሜሪካ ውስጥ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽኑ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኩባንያዎቹን እንደ ምግብ ማሸጊያ ጽሑፍ ያለ መግለጫ እንዲያሳዩ አስገድዷል፦ ዋጋ፣ የተለመደው የማውረጃና የመጫኛ ፍጥነት፣ መዘግየት (ምላሽ እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ)፣ የዳታ ገደብ። እኛም በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለን። እንዲህ ያለ መግለጫ በአማርኛም በኦሮምኛም በሌሎቹም ቋንቋዎች ቢያስወጣልን፣ በቢትና በባይት ባልተጨቃጨቅን ነበር።