ፕሌቶራ ሽሮ

የ12ኛ ክፍል ተማሪ እንግሊዝኛ ሊያጠና ሲነሳ መጀመሪያ የሚያድነው ሰው የማያውቀውን ቃል ነው። ሰው ካወቀውማ ምኑን ቃል ሆነ! «ፓርሲሞኒየስ»ን (ቆንቋና ማለት ነው) ይሸመድድና ታክሲ ውስጥ መልስ ለከለከለው ረዳት ይወረውርለታል። ረዳቱም «አንተ ራስህ!» ይለዋል። ክርክሩ በአቻ ውጤት ያልቃል፤ መልሱ ግን አይመለስም።

ይኸው ልጅ ባዮሎጂ መጽሐፉ ላይ ያለውን «ዲራይቭ» (ከአንድ ምንጭ ማግኘት) ቢጠየቅ መኪና መንዳት ነው ይላል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነውና የሚያስፈልጉት ቃላት በየመጽሐፉ ተበትነዋል፤ ጌጥ ስለማይመስሉ ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም እንጂ። የቋንቋ ተመራማሪዋ አቭሪል ኮክስሄድ በ2000 እ.ኤ.አ. ኒውዚላንድ ውስጥ ከየትምህርት ዘርፉ ለቅማ ያወጣችው ዝርዝር 570 የቃል ቤተሰብ (አንድ ቃል ከነእርባታው) ነው፤ በቀን 7 ቢያዝ ሦስት ወር አይሞላም። ችግሩ፣ ጎረቤት ፊት የሚያስጨበጭብ ቃል አይገኝበትም።

መዝገበ ቃላቱን ከ«ኤ» ጀምረው የሚወርዱም አሉ። «አዳፕት» (መላመድ)፣ «አዶፕት» (በማደጎ መውሰድ) እና «አዴፕት» (የተካነ) በአንድ ማታ ይገባሉ፤ ጠዋት ተቀላቅለው ይወጣሉ። ግመል በረሃን በማደጎ የምትወስደው እንዲህ ባለ ማለዳ ነው። በመልክ ወይም በፍቺ የሚመሳሰሉትን ማራራቅ ነው፤ አንዱ ሳይጸና ሌላው አይነካም።

ካርድ ለመሥራት የደብተር ወረቀት ለአራት መቁረጥ ይበቃል። በፊቱ ቃሉ ከነተገኘበት ዓረፍተ ነገር፤ በጀርባው ፍቺው፣ ቤተሰቡ («አናላይዝ»፣ «አናሊሲስ»፣ «አናሊቲካል») እና አብሮት የሚውለው ቃል። ብዙው ሰው የሚዘለው ይህንን የመጨረሻውን ነው፤ ከዚያ ለኃይለኛ ዝናብ «ስትሮንግ ሬይን» ብሎ ይጽፋል። ባለቤቶቹ ዝናቡን «ሄቪ» ይሉታል፤ «ስትሮንግ»ን ለሻይ ትተውታል።

ክለሳው በማግስቱ፣ በ3ኛው ቀን፣ በሳምንቱ፣ ከዚያ በወሩ ነው። ካርዱን ከመገልበጥ በፊት ለማስታወስ መታገል አለ፤ አለዚያ ወረቀት ማገላበጥ ነው። ገጹን በደማቅ ቀለም ቢጫ ማድረግም ያው ነው፤ የሚያምርበት መጽሐፉ ነው።

ፍቺው ቢያዝም ቃሉ የት እንደሚነገር ካልታየ አደጋ አለው። ከመጠን ያለፈ ብዛትን የሚገልጸውን «ፕሌቶራ»ን «ብዙ» ብሎ ብቻ የያዘ ልጅ በድርሰቱ «እናቴ ፕሌቶራ ሽሮ ሠራች» ይልና በቀይ ሲሰረዝበት፣ አስተማሪው ቃሉን አያውቀውም ብሎ ይደመድማል።